ወደ መሬት የሚያይ ስፖኪዮ

ቢረሳውን የነገሌ ሰው ኩራተኛ ይለው ነበር። መንገድ ላይ ከጎኑ ሆነው "አካም፣ ቢረሳው!" ብለው ሲጠሩት አንገቱን ዘወር አያደርግም። ወይ ሰምቶ እንዳልሰማ ያልፋል፣ ወይ ቆም ይልና ከትከሻው እስከ ጫማው ድረስ ሙሉ በሙሉ ዞሮ "ናጋ" ይላል። ይህን ያየ ሁሉ "አይ የወታደር ልጅ! እኛን ሰላም ለማለት እንኳ ሰልፍ ይዞራል" እያለ ይስቅበታል። እኔ ጎረቤቱ ነኝ። መናኸሪያው አጠገብ የመኪና ወንበር ልብስ እሰፋለሁ፤ ሹፌር ሁሉ በደጄ ስለሚያልፍ የከተማው ሐሜት መጀመሪያ የሚራገፈው እኔ ጋ ነው። ስለ ቢረሳው የሚራገፈውን ሐሜት ሰምቼ ዝም ማለት ግን ይቆረቁረኝ ነበር፤ እውነቱን አውቃለሁና።

እውነቱ አንድ ነው። የቢረሳው አንገት አይዞርም።

እንዲህ ሆኖ አልተወለደም። አባቱ የሃምሳ አለቃ ኃይለሚካኤል ከጎጃም መጥተው ነገሌ ጦር ሰፈር የቀሩ ሰው ነበሩ። ልጃቸው ካምፕ ውስጥ ተወልዶ፣ ካምፕ ውስጥ አድጎ፣ ጢሙ ሳይበቅል የወታደር ካሚዮን መሪ ጨበጠ። ሰማንያ ሦስት ላይ ሠራዊቱ ሲበተን ከየት ተነስቶ በየት በኩል እንደመጣ ጠይቄው አላውቅም። አንድ ቀን ከስቶና ጠቁሮ ነገሌ ገባ፤ አባቱ ግን ሞተው ቆዩት። ከውትድርናው የተረፈው አንድ ልማድ ብቻ ነው። የመኪናውን ፊት ወደ መውጫው ሳያደርግ አያቆምም። ገበያም ሄደ፣ ለቅሶ ቤትም ሄደ፣ የገዛ ግቢውም ገባ፣ የሚገባው በኋላ ማርሽ ነው። "ሲጨንቅህ መኪና ስታዞር ትያዛለህ" ይላል። አሁን ማን ይይዘዋል? ማንም። ልማድ ግን ማንን ይሰማል!

ሥራ የሰጠው የእትዬ ሁዳ ባል ነው። ሁዳና ባሏ ከጉራጌ አገር መጥተው ነገሌ ላይ ትልቅ ሱቅ የከፈቱ ሰዎች ናቸው። ስኳሩን፣ ዘይቱን፣ ብርድ ልብሱን ከሐዋሳ እያመጡ እስከ ሜጋ ድረስ ያከፋፍላሉ። ቢረሳው የእነሱን አሮጌ ላንድሮቨር እየነዳ ሻኪሶ ይወጣል፣ ሜጋ ይወርዳል። በዚያው ሰሞን አየለችን አገባ። አየለች እናቷ ገበያ ቅቤ የሚሸጡ፣ እሷ ራሷ አንገቷን ደፍታ የምትሄድ፣ ከተናገረች ግን ሰው የምታስቅ ሴት ነበረች። ባሏን በአንቱታ ነው የምትጠራው። "እናቴ አባቴን አንቱ ስትል ነው ያደግሁት፣ አንተ ስለው የሰደብሁት ይመስለኛል" ትላለች። ልጅ አልሰጣቸውም። በዚህ ሲያማርሩም ሲወቃቀሱም ሰምቼ አላውቅም፤ እርስ በርስ እንደ ልጅ ይተያዩ ነበር።

አንገቱን ያጣው ወደራ ሳይደርስ ነው። የዝናብ ወቅት ነበር፣ ከቁጥቋጦ ውስጥ ግመል ዘላ ወጣችበት። ግመሏን ሲሸሽ ላንድሮቨሯ ቦይ ውስጥ ተገለበጠች። ያወጡት እረኞች ናቸው። ወጌሻ አሽቶ፣ አስሮ፣ ሁለት ወር ጀርባው ላይ አስተኝቶ አዳነው፤ ከአልጋው ሲነሳ ግን አንገቱ እንደተገተረ ቀረ። ያኔ እኔ ስጠይቀው የሄድኩ ቀን አየለች ወደ ጓሮ ወሰደችኝና "ሚናስ፣ ላንተ ነው የምነግርህ። አንገቱ አይዞርለትም። ሹፌር ነው፣ ይህ ከታወቀ ማን መኪና ይሰጠዋል? አንተም እንዳልሰማህ ሁን" አለችኝ። እኔም እንዳልሰማሁ ሆንኩ። ሰው ኩራተኛ ብሎ ሲያማውም ቢረሳው ደስ ይለዋል፤ ከሰንካላ ኩራተኛ መባል ይሻላል ባይ ነው።

እንግዲህ አስቡት። አንገቱ የማይዞር ሰው፣ መኪና በኋላ ማርሽ ካልሆነ ግቢ የማያስገባ! የቀሩለት ሁለቱ ስፖኪዮዎችና አየለች ናቸው። መኪናዋ የምታድረው እነሱ ግቢ ነው፤ የሁዳ ግቢ በሸቀጥ የተሞላ ስለሆነ ቦታ የለውም። ማታ ማታ የሞተሯን ድምፅ ስትሰማ አየለች እጇን በቀሚሷ እየጠረገች ትወጣና ከኋላ ትቆማለች። ከዚያ መጣራት ነው፤ በሹፌር ቋንቋ ረዳት ማለት ቀኝ ነው።

"ይምጡ… ይምጡ… ወደ ረዳት ይስበሩ… ይምጡ… በቃዎ!"

ሹፌሮቹ በዚህ በሳቅ ይሞቱ ነበር። በዓለም ላይ ሹፌርን አንቱ ብሎ መኪና የሚመልስ ሰው አየለች ብቻ ናት እያሉ በሱቄ ደጅ ይቀልዱባታል። እሷም ትሰማለች፣ ትስቃለች፣ በማግስቱ ያንኑ ትጣራለች። ቢረሳው በስፖኪዮው ውስጥ እጇን ያያል፣ ድምጿን ይሰማል፣ መኪናዋን እንደ ክር በመርፌ ቀዳዳ ያስገባታል። እንዲህ ሆነው ብዙ ዓመት ኖሩ።

በኋላ የሁዳ ባል በሻኪሶ መንገድ ሞተ። ከሌላ ሰው ጋር በጭነት መኪና ሲመጣ ፍሬን እምቢ ብሎ ነው። ሁዳ ከዚያ ወዲህ መኪና ትፈራለች። ሱቁን ግን አጥብቃ ያዘች፣ ቢረሳውንም ሥራው ላይ አቆየችው። "መኪናው ላይ ትንሽ ነገር ካየህ ሳትደብቅ ንገረኝ፣ ጉድለት ያለባት መኪና ከግቢዬ አትወጣም" የምትለው ነገር ነበራት። ይህን ሁሌ ትለዋለች።

አየለች ጡቷ ላይ እብጠት አግኝታ የደበቀችው መቼ እንደሆነ አላውቅም፤ ሰው ሳያውቅ ለብቻዋ ብዙ የቆየች ይመስለኛል። ሐዋሳ ሄደው ሲመረመሩ ካንሰር ነው ተባለ። በየቀጠሮው እየሄደች በደም ሥሯ የሚሰጥ መድኃኒት መውሰድ ነበረባት፤ ሐኪሙ ቀጠሮ እንዳይዛባ፣ ቀኑ ካለፈ በሽታው ጉልበት ያገኛል ብሎ አስጠነቀቃቸው። የመጀመሪያውን በአውቶቡስ ሄዱ። ቦሬ ዳገት ላይ ጭቃው መኪናውን ሲያንገጫግጨው ሕመሙ አጥንቷ ድረስ ገብቶ ጮኸች። ከዚያ በፊት አየለች ስትጮህ የሰማ ሰው አልነበረም፤ ይህን የነገረኝ ቢረሳው ነው። ከዚያ በኋላ "ከአውቶቡስስ እዚሁ ልሙት" አለች።

መፍትሔ የሰጠችው ሁዳ ናት። ላንድሮቨሯ አርጅታ ስለነበር ሸጣ ከዱባይ የመጣች ነጭ መኪና ገዛች። "ሸቀጥ ልታመጣ ሐዋሳ በሄድክ ቁጥር አየለችን ይዘሃት ሂድ። ቀጠሮዋን እያየን ነው የምንጭነው" አለችው። ወንበሯ ወደ ኋላ ተለጥጦ አልጋ ይሆናል። እኔም ወፍራም ስፖንጅ ገዝቼ፣ በለስላሳ ጨርቅ ለብጄ፣ ለአየለች ጀርባ የሚሆን ምንጣፍ ሰፋሁላት። በሕይወቴ ከሰፋሁት ሁሉ በደንብ የሰፋሁት እሱን ነው። በዚያች መኪና አንዴ ሄደው ተመለሱ። አየለች ሳትጮህ ሄዳ ሳትጮህ መጣች። ቢረሳው በደስታ ሱቄ ድረስ መጥቶ እጄን ጨበጠኝ፤ ከሁለት ቃል በላይ ተናግሮ የማያውቅ ሰው ያን ቀን ስለ መኪናዋ ፍሬን፣ ስለ መቀመጫዋ፣ ስለ ሐኪሙ ሲያወራ አረፈደ። መኪናዋ ከሄደች አየለች ትታከማለች፤ መኪናዋ ከቆመች ደግሞ ሌላ ነገር የለም። ይህን ሁላችንም እናውቅ ነበር።

አንድ ነገር ግን አልነገረኝም። በኋላ ማርሽ ሲያስገባት ስፖኪዮዎቿ ዝቅ እንደሚሉ።

ከሐዋሳ በተመለሱ በሳምንቱ አመሻሽ ላይ ነው ያየሁት። መድኃኒቱ አድክሟት አየለች ተኝታለች። ከኋላ የሚቆም የለም። ቢረሳው መኪናዋን ከግቢው በር ፊት ለፊት አስተካክሎ ማርሹን ወደ ኋላ ሲያስገባ ሁለቱም ስፖኪዮዎች ዝግ ብለው አንገታቸውን ወደ መሬት ደፉ። ሹፌሩ ወንበር ላይ ሆኖ ማየት የሚችለው የኋላ ጎማውንና ቀይ አፈሩን ብቻ ነው። ሌላ ሹፌር ቢሆን ዞር ብሎ በኋላ መስታወት ያያል። እሱ በምን ይዙር? ማርሹን አወጣ፣ ስፖኪዮው ቀና አለ። አስገባ፣ ደፋ። እኔ ከደጃፌ ቆሜ አያለሁ፤ ሄጄ ልመልስለት ስነሳ ደግሞ ቸኮለና በግምት ለቀቃት። የበሩን ምሰሶ ገጨ፣ የኋላ መብራቱ ረገፈ።

ወርዶ ስብርባሪውን በእጁ መልቀም ጀመረ። "ምን ሆንክ?" አልኩት።

"ስፖኪዮው ተበላሽቷል" አለኝ። አላየኝም።

ይህንኑ ለሁዳ ነገራት። አንገቴ አይዞርም ቢል ሥራውም አየለችም ባንድ ቀን የሚያልቁ ስለመሰለው፣ ስፖኪዮው ሳልነካው ብቻውን ይወድቃል፣ ብልሽት አለው አላት። ሁዳ ደነገጠች። ባሏን የገደለው ጉድለት ያለበት መኪና ነው፤ ምን ትበል? "እስኪሠራ ንቅንቅ እንዳትል" አለችና መኪናዋን በራሷ ግቢ የተከመረውን ሸቀጥ አስነስታ አስቆመቻት። ቢረሳው ይህን አላሰበም። ዕቃው ከነገ ወዲያ ይቀየራል ብሎ ነበር የገመተው።

ከዚያ ከተማው ሁሉ ሐኪም ሆነ። ኤሌክትሪሻኑ ጂሎ መጥቶ ማርሽ አስገብቶ አየና "የስፖኪዮው ሞተር ደክሟል፣ ራሱን መሸከም አልቻለም" ብሎ ፈረደ። ሽቦውን ልቁረጠው ሲል ሁዳ አዲስ መኪና ላይ መቀስ አይነሳም አለችው። አንዱ የዓረብ አገር መኪና ስለሆነች ትሰግዳለች ብሎ ቀለደ፤ ሁዳ ስትገላምጠው ወጣ። ማንም መኪናዋ ደኅና ናት ብሎ አልጠረጠረም። እንዴት ይጠርጥር? እኛ አገር ስፖኪዮ በእጅ ተገፍቶ ነው የሚስተካከለው፤ ብቻውን የሚንቀሳቀስ ነገር ካየን የተበላሸ ነው። ስለዚህ አዲስ ስፖኪዮ ከአዲስ አበባ ታዘዘ።

የመጀመሪያው መጣና የሌላ መኪና ሆኖ ተገኘ። ተመለሰ። ሁለተኛው ሲጠበቅ ዝናቡ ቦሬ ላይ መንገድ ዘጋ። የአየለች ቀጠሮ መጣ፣ አለፈ።

ቢረሳውን የቤታቸውን ግድግዳ ተደግፎ አገኘሁት። እኔ ቁጡ ነኝ፣ አልደብቅም፤ እንደዚያን ቀን ግን ተቆጥቼ አላውቅም።

"ለሁዳ ንገራት" አልኩት።

"ምን ብዬ?"

"አንገቴ አይዞርም በላት! ከኋላህ የሚቆም ሰው ትቀጥራለች፣ ወይ ሌላ ሹፌር ይነዳታል፣ አየለች ሐዋሳ ትገባለች። ስፖኪዮው ምን አገባን?"

"መኪናዋን ሌላ ሹፌር ከነዳት ነገ የእኔ አይደለችም" አለ። "ዛሬ አየለችን ይወስዳታል። የሚቀጥለውንስ? እኔ ከሥራ ከወጣሁ በማን መኪና ነው የምትታከመው? ሁዳ እስከ መቼ ትሸከመናለች?"

"እንግዲያውስ እኔ እነግራታለሁ።"

ከግድግዳው ተነስቶ እንደ ልማዱ ሙሉ በሙሉ ዞሮ ፊት ለፊቴ ቆመ። "ከነገርካት፣ ሚናስ፣ ከዛሬ ጀምሮ አንተዋወቅም። ዕቃው ዛሬ ነገ ይመጣል" አለኝ። ዓይኑ ውስጥ ያየሁት ቁጣ ሳይሆን ፍርሃት ነበር።

ወደ አየለች ገባሁ። ያን እኔ የሰፋሁትን ምንጣፍ ከመኪናው አስወጥታ አልጋዋ ላይ አንጥፋለች። ፊቷ አመድ መስሏል። ጭቅጭቃችንን በግድግዳው ሰምታለች። "አንተ ደግሞ አትጨቅጭቀው" አለችኝ። "ስፖኪዮው ይመጣል። እኔ እንደሆንኩ የትም አልሄድም።" እንዲህ ስትል ሳቀች፤ ሳቋ ሳል ሆነ፣ ሳሉ አልቆም አለ። እጇን ይዤ ቆየሁ። ከሕይወቷ የባሏ ክብር እንዲቀድም እሷ የወሰነች መሰለኝና እኔም አፌን ያዝኩ።

ሁለተኛውም ቀጠሮ አለፈ።

ስፖኪዮው የመጣ ዕለት ግማሽ የሰፈሩ ሰው ሁዳ ግቢ ተሰበሰበ። ጂሎ አሮጌውን ፈታ፣ አዲሱን አሠረ፣ እጁን ጠረገ። ቢረሳው መሪው ጋ ተቀምጦ ማርሹን ወደ ኋላ አስገባ። አዲሱ ስፖኪዮ ዝግ ብሎ፣ ልክ እንደ አሮጌው፣ ወደ መሬት ደፋ። ቢረሳው ማርሹን አውጥቶ እንደገና አስገባ፤ ያው ነው።

በዚህ መሀል ቦናያ ገባ። ቦናያ የሞያሌ የከብት ነጋዴ ነው፤ ሆዱ ሰፊ፣ ድምፁ ከሆዱ የሰፋ፣ ስኳር በጆንያ ሊገዛ የሚመጣ ደንበኛ። "አካም፣ አካም! ሰው ሞተ እንዴ?" አለ። ሁዳ ነገረችው። ቦናያ ግቢው እስኪያስተጋባ ጮኾ ሳቀ።

"ይሄ ብልሽት አይደለም እኮ፣ ጃለ! እኔም እንዲህ ያለ መኪና አለኝ። ስትመልስ የመንገድ ጠርዝ እንዳትገጭ ጎማ ያሳይሃል። ለዱባይ አስፋልት የተሠራ ነው። እዚህ ጠርዝ የት አለ?" ብሎ በመስኮት እጁን ሰደደ። በሩ ላይ የስፖኪዮ ማስተካከያ ትንሽ ማዞሪያ አለች። ወደ ቀኝ ዞራለች። መኪናዋ ከዱባይ ስትመጣ ጀምሮ እንዲሁ ዞራ ነበር፤ ማንም ነክቷት አያውቅም። ቦናያ በጣቱ መሀል ላይ አደረጋት። "መሀል ካለች ዝም ይላል። ግራ ወይ ቀኝ ካልካት ይደፋል። በቃ። አሁን አስገባ ማርሽ።"

ቢረሳው አስገባ። ስፖኪዮው ንቅንቅ አላለም። በውስጡ ግቢው፣ የተከመረው ጆንያ፣ የቆምነው ሰዎች ሁሉ ቁልጭ ብለን ታየን።

ሰዉ ሳቀ፣ አጨበጨበ። ጂሎ ራሱን አከከ። እኔ ግን መሳቅ አልቻልኩም። ቢረሳውም ማዞሪያዋን እያየ ቀረ። ከሽንብራ አትበልጥም።

በማግስቱ ጎህ ሲቀድ ተነሳን። እኔም አብሬ ሄድኩ፤ አየለችን የሚደግፍ ሰው ያስፈልጋል። በአዶላ አልፈን ቦሬን ስንወጣ ጭጋጉ መንገዱን ሸፍኖት ነበር። ቢረሳው እንደዚያ ቀን ቀስ ብሎ ሲነዳ አይቼው አላውቅም። እያንዳንዱን ጉድጓድ እንቁላል ላይ እንደሚሄድ ሰው ያልፈዋል። አየለች አልጮኸችም፤ ለመጮህም አቅም የነበራት አይመስለኝም። አንዴ ብቻ "ብርድ ነው አይደል እዚህ?" አለችኝ። መስኮቱን ዘጋሁላት።

ሐኪሙ ወጣት ነው፣ ትሁት ነው። ያነሱትን የሆዷን ፎቶ ብዙ አየው። ከዚያ ቢረሳውንና እኔን ወደ ውጭ አወጣንና "ቆይታችኋል" አለ። መቆጣቱ አልነበረም፣ ማዘኑ ነበር። በሽታው ጉበቷ ደርሷል፣ መድኃኒቱ አሁን ከማድከም በቀር አይጠቅማትም፣ ቤቷ ትረፍ አለ። "ለምን ቀጠሮ ዘለላችሁ?" ብሎ ጠየቀ።

ቢረሳው "መኪናው ተበላሽቶ" አለ።

ይህን ሲል ልመታው ቃጣኝ፣ ላቅፈውም ቃጣኝ። አንዱንም አላደረግሁም።

ነገሌ የደረስነው ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ነው። የግቢው በር ጋ ስንደርስ ወርጄ ልመልስለት ስል "ተወው" አለኝ። ማርሹን ወደ ኋላ አስገባ። ስፖኪዮው ቀጥ እንዳለ ነው፤ የበሩ ሁለት ምሰሶዎች፣ የተገጨው ቦታ ሳይቀር ይታያሉ። በዚያ ዓይነት ለመመለስ ማንም አያስፈልገውም። ፍሬኑን ሊለቅ ሲል አየለች ከተጋደመችበት፣ ዓይኗን ጨፍና፣ ጣሪያውን እንኳ ሳታይ፣ "ይምጡ" አለች። ድምጿ የሹክሹክታ ያህል ነው። "ይምጡ… ይምጡ…"

እሱም እንደ ተባለ መጣ። "በቃዎ" እስክትል ድረስ አላቆመም፤ አውቃ ነው ወይስ በግምት፣ አላውቅም፤ መኪናዋ ግን የዘወትር ቦታዋ ላይ ቆመች። ከዚያ ሞተሩን አጥፍቶ መሪው ላይ ግንባሩን አሳረፈ። እኔ ወርጄ በሩን ልዘጋ ሄድኩ።

ከዚያ በኋላ ብዙ አልቆየችም። እሑድ ረፋድ ላይ፣ ጎረቤቶች ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ፣ አረፈች። ቢረሳው አልጮኸም። ሰው ደረት ሲመታ እሱ በተሰጠው ወንበር ላይ ፊት ለፊት እያየ ተቀመጠ። ከቀብር መልስ ድንኳኑ ውስጥ ከጎኑ ተቀመጥኩ። ካምፑም፣ መናኸሪያውም፣ ገበያውም መጣ። ሴቶቹ በአማርኛም በኦሮምኛም እያለቀሱ ገቡ። አንዳንድ ሰው እንደ ወትሮው ከጎኑ ሆኖ "እግዚአብሔር ያጥናህ" ሲለው ስላላየው ቅር እያለው አለፈ።

ሁዳ በሦስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ድንኳኑ ሲቀልል መጣች። ከሌላው ሰው በተለየ ወንበሯን አንስታ ልክ ፊት ለፊቱ አስቀመጠችና ተቀመጠች። ይህንን ሳይ ደንገጥ አልኩ። እሱም ሳይገባው አልቀረም።

"እትዬ ሁዳ" አለ። "ያ ስፖኪዮ አልተበላሸም ነበር። የተበላሸሁት እኔ ነኝ። አንገቴ ከወደራው አደጋ ወዲህ አይዞርም። ደብቄዎት ነው የኖርኩት።"

ሁዳ ሻሿን ወደ ዓይኗ ሳበች። "አውቃለሁ" አለችው።

"ከመቼ ጀምሮ?"

"ከጥንት ጀምሮ። ባለቤቴም ያውቅ ነበር። ከወጌሻው ነው የሰማው፤ ቤታችን መጥቶ ነገረን። 'አንገቱ ባይዞርም ከከተማው ሁሉ የሚሻል ሹፌር ነው፣ አንድ ቃል እንዳትተነፍሺ፣ ያፍራል' አለኝ። እሱም ሞተ፣ እኔም አልተነፈስኩም።"

ሁዳ ቀጠለች።

"ሁለተኛው ቀጠሮ ሲያልፍ ነገሩ የስፖኪዮ እንዳልሆነ ጠረጠርኩ። አንተ ገበያ በሄድክበት አየለች ዘንድ ገባሁ። ሌላ ሹፌር ላምጣ፣ ነገውኑ ትሂጂ አልኳት። እግሬ ላይ ልትወድቅ ተነሳች፣ ቢረሳው። 'ወንበሩ ላይ ሌላ ሰው ካስቀመጥሽበት ከእኔ በፊት እሱ ይሞታል፤ እሱ ራሱ ካልነገረሽ አንቺም እንዳታውቂ ሁኚ' አለችኝ። በአላህ አስማለችኝ። አልሄድም ያለችን ሴት ምን ላድርጋት? አንተ መጥተህ እስክትነግረኝ ብዬ በየቀኑ ሱቅ በር ላይ እጠብቅህ ነበር።"

እኔ መሬት መሬቱን አየሁ። ሁላችንም አውቀን፣ ሁላችንም ለሁላችን ስናፍር፣ አንዲት ሴት ከመሀከላችን ሄደች። ይሉኝታ የሚሉት ነገር እንዲህ ሰው ይበላል ብሎ የነገረኝ አልነበረም።

የቢረሳው ድምፅ እንደ ሕፃን ድምፅ ቀጠነ።

"ብነግርዎት ኖሮ" አለ፣ "ሐዋሳ ይወስዷት ነበር?"

"በዚያው ቀን" አለች ሁዳ።

ያኔ አለቀሰ። ድንኳኑ ሲተከል ያላለቀሰው፣ አፈር ስትገባ ያላለቀሰው ሰው እንደዚያ ያለቅሳል ብዬ አላሰብኩም። ሁዳም አብራው አለቀሰች። ከድንኳኑ ደጅ ከሻኪሶ የመጡ ለቀስተኞች ይገቡ ነበር፤ ተነስተን ቦታ ለቀቅንላቸው።